ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን

ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ስልሳ እርምጃ ያህል ነው። ይህ የበጋው ልክ ነው። በክረምት ስንት እንደሚሆን ቆጥሬ አላውቅም፤ አንዱን እግሬን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል፣ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ይቀርና እሱን ለማውጣት ሳጎነብስ የያዝኩት ዕቃ ይወድቃል። የከሚሴ ዋልካ እንዲህ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ የያዘውን አይለቅም። እዚያ መሬት ላይ ተወልጄ፣ አግብቼ፣ አርጅቼበታለሁ፤ አንድም ቀን ግን ወድጄው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ሹፌር ነበርኩ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት፣ ለሁሉም ነገር የቀበሌ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ዘመን ነው። አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ነበረችኝ፤ በእሷ የጨፋን ሽንኩርትና ማሽላ ወደ ባቲ ገበያ አመላልሳለሁ። ክረምት ሲገባ ወደ ግቢ ማስገባት ስለማይቻል አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ፊት አቆማታለሁ። ባለ ሻይ ቤቷ «ደንበኛ ጋረድክብኝ» እያለች ጠዋት ማታ ትነጫነጭብኛለች፤ እኔም ጠዋት ማታ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ያን ጊዜ ሥራዬ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ ይቅርታ መጠየቅ ነበር።

መንገዱን ለመሥራት የተነሳሁት ግን ለመኪናዋ ብዬ አይደለም፤ ለባለቤቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ከቦኖ ውሃ ቀድታ፣ ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤት ስትወርድ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራተታት። የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። እኔ ባቲ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ ጩኸቷን ማንም አልሰማም፤ እየዳኸች ቤት ገባች። በማግስቱ ስደርስ የጎረቤት ሴቶች ከበዋት አገኘኋት። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። እሷ አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ሳትጠይቀኝ «የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ይህን መንገድ ባልሠራልሽ!» ብዬ በአላህ ማልኩላት። በመጋቢት እንደገና ማርገዟን ስትነግረኝ አንዲት ቃል ብቻ ጨመረች።

«መንገዱስ?»

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሲሚንቶ ነበር። ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አይቼ ቀንቼ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ታጥቦ የሚነጣ ደጅ። ለሲሚንቶ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ለደብዳቤ ማመልከቻ። የቀበሌው ሊቀመንበር ማመልከቻዬን አነበበና ቀና ብሎ «ለመኪናህ ምንጣፍ ልታነጥፍላት ነው?» አለኝ። የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አብረህ ካልሳቅህ ሌላ ትርጉም ያሰጣል። ስለ ባለቤቴ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ያን ያህል ሰው ቆሞ እየሰማ የሴት ነገር እንዴት ይወራል? ሲሚንቶ ለሕዝብ ሥራ ነው ተባልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ና፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ና። አራት ጊዜ ተመላልሼ ተውኩት።

ሁለተኛው ከተራራው የሚፈለጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። የማውቀውን ግንበኛ አምጥቼ ቦታውን አሳየሁት። መሬቱን በጫማው ተረከዝ ጫር ጫር አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ዋልካ ላይ አታንጥፈው። በበጋ መሬቱ ይሰነጠቅና ያነሳዋል፣ በክረምት ያሰምጠዋል። በሁለት ዓመት የተበላሸ ጥርስ ነው የሚመስልልህ» አለኝ። ሥራ ማግኘት ሲችል እውነቱን የነገረኝ ሰው ስለሆነ አመንኩት።

የቀረው ገረጋንቲ ነው፤ መንገድ ሠሪዎች ከአስፋልቱ ሥር የሚያለብሱት፣ ቀላ ያለ ሻካራ የጠጠርና የአፈር ድብልቅ። ጎማ ምን እንደሚወድ እኔ አውቃለሁ። የገረጋንቲን ጥሩነት ለማወቅ በእጅህ ትዘግንና ውሃ ጠብ አድርገህ ትጨብጠዋለህ። እጅህን ስትከፍት ከተበተነ አሸዋ በዝቶበታል፣ ጣትህ ላይ ከተለጠፈ ጭቃ ነው፤ እንደ ጨበጥከው ጸንቶ ከቆየ እሱ ነው የሚፈለገው። በሐርቡ መንገድ ካለ ጉብታ እንዲህ ያለውን አገኘሁና በማዳበሪያ ጆንያ ትንሽ አመጣሁላት። ግቢው ውስጥ አፈሰስኩት። ባለቤቴ ውሃ ደፋችበት፣ ኮንጎዋን አደረገች፣ ቆመችበት። ኮንጎ ያን ጊዜ ሁላችንም የምናደርገው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሶሉ ሲያልቅ ሳሙና እንደረገጡ ያንሸራትታል። ተረከዟን እየጫነች ዞረች፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ አለች።

«ይሄ ይይዛል» አለች።

እኔ ስለ ጎማ፣ እሷ ስለ እግሯ፤ ሁለታችንም በአንድ ነገር ተስማማን። ቤታችን ውስጥ ይህ ብርቅ ነበር። ወዲያው እያመላለስኩ አጥሩ ሥር ከመርኩት። ዋልካው ገረጋንቲውን እንዳይውጠው ግን ከሥሩ መጀመሪያ ትልልቅ ሻካራ ድንጋይ መደርደር ነበረበት። የቀረኝ ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

አጎቴ የሰሙት በዚህ መሐል ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ፣ ሚስት ያጩልኝ እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ቅሬ ዳኛም ነበሩ፤ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። እጃቸው ለሰው የሚፈታ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሽማግሌ። ግቢዬ መጥተው ሳይቀመጡ ጀመሩኝ።

«ድንጋይ ልትገዛ ነው አሉ! ሰው የለህም? እኛ ሞተናል?»

«ኧረ አያ፣ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው።»

«ሰው ሳታስቸግር ልትኖር ነው? ወላሂ ታሳፍራለህ። ተወው፤ ደቦ እጠራልሃለሁ።»

ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚያስፈልገኝ፣ ከሥር የሚቀበር ሻካራ ድንጋይ መሆኑን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። «አላህ ይስጥልኝ አያ» አልኩና ዝም አልኩ። ስጦታ ሊሰጥህ ለተነሳ ሰው ዓይነቱን ታማርጥበታለህ እንዴ? ነውር መሰለኝ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ከጨፋ በኩል ሠላሳ ያህል ሰው መጣ፤ አህዮችና ሁለት ግመሎች እየነዱ። «አካም ጅርታ! ፈያ?» እየተባባሉ፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ እየጨረሱ፣ እየተሳሳቁ ጭነቱን አወረዱ። የቦርከና ወንዝ ድንጋይ ነበር። ድብልብል፣ ልስልስ፣ ውሃው ለስንት ዘመን ሲያሽከረክረው የኖረ ድንጋይ። ያልገባው ሰው ስንፍና ይለው ይሆናል፤ ግን ተቃራኒው ነው። የመስጊዱ ግቢ፣ ከስግደት በፊት ለውዱእ የሚታጠቡበት ቦታ የተነጠፈው በዚሁ ድንጋይ ነው። ለእነዚያ ሰዎች የተከበረ ደጅ ላይ የሚነጠፍ ድንጋይ ከተባለ ሌላ የለም። ወንዙ ውስጥ ገብተው፣ ቁምጣቸውን አርጥበው፣ አንድ በአንድ መርጠው ነው የለቀሙልኝ። መስጊዱ ግን ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ሰው ባዶ እግሩን ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጀሪካን አዝሎ ቁልቁለት የሚወርድበት የለም። ይህን ማንም አላሰበውም።

እኔ አሰብኩት። የመጀመሪያው ግመል ተንበርክኮ ድንጋዩ ሲፈስ ነው ያወቅሁት። እርጥብ የወንዝ ድንጋይ ላይ ጎማ እንዴት እንደሚከዳ ስንቴ አይቻለሁ።

«አያ፣ ይሄ ከሥር ይሆንና ከላይ ገረጋንቲ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እንዲህ ያለውን ድንጋይ አፈር የሚያለብስ ማን ነው?» አሉና ሳቁ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ሳቅሁ።

እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ስግደት ድረስ እያንዳንዱን ድንጋይ እያሻሹ፣ እርስ በርሱ እያጋጠሙ ደረደሩት። ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። ባለቤቴ የምግቡን ትሪ ይዛ ወጣች፣ አንዱ ድንጋይ ላይ እግሯን አሳረፈች፣ ተረከዟን ሳብ አደረገችና ወደ እኔ አየች። እኔ ጎንበስ ብዬ የአንድ አህያ ገመድ ማጥበቅ ጀመርኩ። ገመዱ ምንም አልላላም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። መግቢያውን የሰላም ያድርገው፣ መውጫውን የሰላም ያድርገው፣ በሆዷ ያለውን በሰላም ያሳያችሁ አሉ። ሁላችንም አሚን አልን። ዱአ የተደረገበትን ሥራ ማፍረስ ምርቃቱን እንደ መመለስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋልኝ።

የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መንገዱ ዘይት እንደተቀባ አበራ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረችው፤ ሁለት ቦታ ልትወድቅ ብላ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ አልረገጠችውም። በአጥሩ ጥግ፣ በጭቃው ውስጥ፣ የአጥሩን እንጨት በአንድ እጇ እየያዘች መውጣትና መውረድ ጀመረች። ቤት በዋልኩበት ቀን ውሃውን እኔ አመጣለሁ፤ ባቲ በምሄድበት ቀን ግን የምታመጣው እሷው ናት። ጎረቤቶች «እመቤቲቱ መንገዷ እንዳይቆሽሽባት ነው» እያሉ ይስቁባታል። ይህ ደግሞ እኔን አበሳጨኝ። በእነሱ ሳይሆን በእሷ ተበሳጨሁ።

«ሰው ምን ይላል? ይህን ያህል ሕዝብ ለፍቶበት!» አልኳት።

«ገረጋንቲውን ከላዩ አልብሰዋ።»

«አያ ምን ይላሉ?»

«ንገራቸው። አንተ ከነገርካቸው ይገባቸዋል።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

አንድ ቀን ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። እንግዶች ነበሩ፤ አጎቴ የእኔን ደጅ መንገድ እያነሱ እየጣሉ ያወሩላቸዋል። «እሱው መጣ፣ እሱን ጠይቁት» አሏቸው። «ጀዛከላህ፣ መንገዱ እንደምታውቁት ነው» ብዬ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቼ መኪናዬ ላይ ጫንኳቸው። ብቻችንን ነበርን። ስለ ማሽላው አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ቤታቸው ደረስን፣ ወረዱ። ባለቤቴ ስገባ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም። ገረጋንቲው አጥሩ ሥር እንደተከመረ ዶሮዎች ይጭሩታል።

ደክሞኝ ነበር እላለሁ ዛሬም ሲቆጨኝ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። የኩፖን ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ የቀበሌ ጥበቃ ተራ፣ ከዚያ ላይ መንገዱ፣ ጎማው፣ ባትሪው። ቤት ስገባ አፌን መክፈት የሚያስጠላኝ ጊዜ ነበር። ግን ሰው የቱንም ያህል ቢደክመው አንዲት ቃል ለመናገር የሚሆን ጉልበት አያጣም። ፈርቼ ነው። የፈራሁት የአጎቴን ቁጣ እንኳ አይደለም፤ ቅር መሰኘታቸውን ነው። የሽማግሌ ፊት እንዳይጠቁር የሚስቴን እግር ጭቃ ላይ አስቀመጥኩ።

በሐምሌ አንድ አርብ አጎቴ ጁምዓ ሰግደው፣ ነጭ እንደለበሱ፣ ጃንጥላና ከዘራ ይዘው መጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ ተቀበልኳቸውና በድንጋዩ ላይ ስንወርድ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። አክብሮት መስሏቸው «አላህ ያክብርህ» አሉኝ። እኔ የያዝኳቸው እንዳይወድቁ ነው።

መሐል ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ከቦኖ እየመጣች ነበር። ቤት ስለዋልኩ ውሃውን ከእንግዳው በኋላ አመጣለሁ ብያት ነበር፤ አላመነችኝም መሰለኝ ራሷ ወጥታለች። ጀሪካኑን አዝላ፣ ሆዷን ወደ ፊት ገፍታ፣ በአጥሩ ጥግ ትወርዳለች። የያዘችው እንጨት ተነቀለ። በጉልበቷ ወደቀች፤ ጀሪካኑ ከጀርባዋ አምልጦ ውሃውን እየደፋ ወረደ።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ! ምን ሆንሽ ልጄ!» አጎቴ ጮኹ።

ሮጬ አነሳኋት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። ታዳምጣለች። እኔም እጆቿን አያለሁ። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ «አለ፤ ተንቀሳቀሰ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አጎቴ። ቀጠሉና «ቆይ፣ ይሄን የመሰለ መንገድ እያለልሽ በጭቃው ምን አስኬደሽ?» አሏት።

«ለምዳው ነው አያ። የሴት ነገር ታውቁት የለ» አልኩ እኔ፣ ቶሎ ብዬ።

ባለቤቴ ዐይኗን እኔ ላይ አሳረፈች። አልተቆጣችም። ጠበቀችኝ። እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ሰጠችኝ፤ እኔ ጀሪካኑ የሄደበትን አየሁ።

«አያ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» አለች ወደ እሳቸው ዞራ። «ዓምና ልጄን ያጣሁት እዚሁ ወድቄ ነው። ጭቃው ቢያንስ አጥር አለው፣ እጄን እይዛለሁ ብዬ ነው። እሱ ያውቃል።»

አጎቴ ክንዳቸውን የያዝኩበት ምክንያት ያን ጊዜ ሳይገባቸው አልቀረም።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግመሉ ላይ ስታወርዱት ጀምሮ።»

«እኛ ወንዝ ውስጥ ገብተን የለቀምነው ልጅቷን ልንጥልበት ነው? አፍ አልነበረህም?»

«ዱአ ተደርጎበት እንዴት ላፍርሰው ብዬ...»

«ዱአው ለድንጋይ ነው እንዴ የተደረገው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ለእሷ ነው። ለሆዷ ነው። አሚን አላልክም?»

ጃንጥላውን ለእሷ ሰጧት፣ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ፣ አካፋውን ከግድግዳው ሥር አነሱ። በዚያ ነጭ ልብሳቸው ገረጋንቲውን እየዛቁ መድፋት ጀመሩ። አካፋውን ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። እኔ ዲጅኖ ይዤ ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ድንጋይ መንቀል ያዝኩ፤ የነቀልኩትን በመዶሻ እየፈረካከስኩ፣ ሻካራ አድርጌ መልሼ ቀበርኩት። ጎረቤት አየና መጣ። ጥያቄ የጠየቀ የለም፤ አጎቴ አካፋ ይዘው ያየ ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበ። የከሰዓቱ የአስር ስግደት ሳይደርስ መንገዱ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ።

አጎቴ እጃቸውን ሳይታጠቡ ባለቤቴ ወደ ቆመችበት ሄዱ።

«አፉ በይኝ ልጄ። ሳላውቅ ነው።»

«አፉ ብያለሁ አያ። አንቱ ምን አጠፉ?»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔም ቀረብኩ። «አፉ በይኝ» አልኳት። ጀሪካኑን አንስታ ጭቃውን ትጠርጋለች።

«ከታች በኩል ጎድጉዷል፤ እሱን ደልድለው» አለችኝ።

ሄጄ ደለደልኩት።

መንገዱ ያዘ። ያን ክረምትም፣ ከዚያ በኋላ በመጡትም ክረምቶች ያዘ፤ ገረጋንቲ እየጨመርኩበት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኖሯል። ልጃችንም በሰላም ተወለደች፤ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። ሰው ሲጠይቀኝ ታሪኩን እዚህ ላይ ነው የማቆመው። በደህና ነው ያለፈው ይባላልና።

ግን የተወለደችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጳጉሜ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋቱ ጠራ። ምጥ ሲጀምራት ፒክአፗ አስፋልቱ ላይ ነበረች፤ ባትሪዋ ስለደከመ ገፍቼ የማስነሳት ከዚያ ነው፣ ሌላ ባትሪ ደግሞ በዚያ ጊዜ አይገኝም። ጨርቅ የጠቀለልኩበትን ፌስታል በአንድ እጄ ይዤ ከቤት ወጣን። ቀዩ መንገድ እርጥብ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፤ ስረግጠው አውቄዋለሁ። በር ላይ ምጡ መጣባትና ቆመች፤ ሲያልፍላት እጄን ዘረጋሁላት።

እጄን አየችው። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበራትም፤ ደግ ፊት ነበር፣ ለሻይ ቤቷ ሴትዮም ለማንም የምታሳየው ፊት።

«መንገዱ ደህና ነው፤ ብቻዬን እወጣለሁ» አለችኝ።

ሽቅብ ጀመረች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንዱን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አንድም ጊዜ ሳያንሸራትታት፣ ሁለት ጊዜ ቆማ ምጧን አሳልፋ አስፋልቱ ላይ ወጣች። እኔ ፌስታሉን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኳት።